ቅርጽ ብቻውን በቂ ነውን? ስለ ክላይቭ ቤል የሥነ ጥበብ አሳብ

እንግሊዛዊው የሥዕል ሐያሲ ክላይቭ ቤል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. «ጥበብ» የተባለውን መጽሐፉን ባወጣ ጊዜ፥ ሥዕልን የጥበብ ሥራ የሚያሰኘው የሚናገረው ታሪክ ሳይሆን የመስመርና የቀለም ቅንብሩ ነው አለ። ይህንንም ቅንብር «ትርጉም ያለው ቅርጽ» ብሎ ሰየመው። በለንደን የፓዲንግተንን ባቡር ጣቢያና ሕዝቡን የሚያሳየውን የፍሪዝን ሥዕል (1862) አስደሳች ማስረጃ ነው እንጂ የጥበብ ሥራ አይደለም ሲል ፈረደበት። ፍርዱ የጨከነ ቢመስልም ሥዕልን በተረቱ ብቻ ለሚመዝን ሰው ደኅና ተግሣጽ ነውና፥ እስከዚህ ድረስ እንከተለዋለን።

ነገር ግን ትርጉም ያለው ቅርጽ ምንድር ነው ብለን ብንጠይቀው፥ የውበትን ስሜት የሚቀሰቅስ ነው ይለናል። የውበት ስሜትስ? ትርጉም ባለው ቅርጽ የሚቀሰቀስ ነው። ይህ በባዶ አውድማ ላይ በሬ ማዞር ነው፤ ብዙዎች ስላመለከቱት ግን አንቈይበትም።

ይልቁንም የሚያከራክረን ሌላው ቃሉ ነው፤ ይኸውም ሥዕልን ለማድነቅ ከኑሮ ምንም ይዞ መምጣት አያስፈልግም፥ ቅርጽንና ቀለምን ማስተዋል፥ የነገሮችንም ርቀትና ጥልቀት ማወቅ ይበቃል ማለቱ ነው። ይህን በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንፈትነው። በጥንቱ ልማድ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ ክፉዎች በጎን፥ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ጌታ ከሐዋርያት ጋር በማዕድ በተቀመጠበት ሥዕል ይሁዳ ብዙ ጊዜ እንዲህ ተለይቶ ይታያል። ልማዱን የማያውቅ ተመልካች አንድ ዘወር ያለ ራስ ያያል፤ ምናልባትም ሠዓሊው ረድፉ እንዳይሰለች ያደረገው ይመስለዋል። የሚያውቀው ግን የፊቶቹ ረድፍ በዚያ ቦታ ሲሰበር ያያል። ስብራቱ በመስመር የተሠራ እንጂ ከሥዕሉ ውጭ የተጨመረ ተረት አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። እውቀቱ ቅርጹን አልሸፈነውም፤ አሳየው እንጂ።

ቤል የፈቀደልን የጥልቀት እውቀት ለእነዚህ ሥዕሎች እምብዛም አይጠቅምም፤ ሠዓሊዎቻቸው ጥልቀትን ብዙ አልፈለጉትምና። የከለከለን ግን የግድ ያስፈልጋል። ደግሞስ ጥልቀትን ከኑሮ ካልሆነ ከወዴት ተማርነው?

ለቤል ክብር አንድ ነገር መጨመር አለብን። ሙዚቃ ሲሰማ ድካም በያዘው ጊዜ ቅርጹን ትቶ የኑሮን ስሜት ወደ ማሰብ እንደሚወርድ በዚያው መጽሐፍ ሳይሸሽግ ጽፏል። እርሱ ይህን እንደ ውድቀት ቈጠረው። እኛ ግን ይሁዳን በጎን ያየ ምእመን ልቡ ሲደነግጥ፥ ከሥዕሉ ወደ ታች ወረደ ለማለት አንደፍርም።