የአሌፖ አባቶች

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ቱርክንና ሶርያን የመታው፣ መጠኑ 7.8 የሆነ ርዕደ መሬት፣ የሶርያዋን ከተማ አሌፖን ያገኛት በጦርነት ደቅቃ፣ በብርድ ተቆራምዳ ነበር። በከተማዋ ያሉት የካቶሊክ ማኅበራት አባቶች፣ ፍራንሲስካውያንና የዶን ቦስኮ ሳሌዥያውያን፣ በራቸውን ለተፈናቀለው ሁሉ ከፈቱ።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው የየዕለቱ ሥራ ነው፦ ፍራሽ ማንጠፍ፣ ብርድ ልብስ ማደል፣ ለብዙ መቶ ሰው ማብሰል፣ ድስት ማጠብ፣ ወደ ቤቱ መግባት የፈራውን ማጽናናት፣ ግድግዳው የተሰነጠቀበትን ቤት በመሐንዲስ ማስፈተሽ። ሳሌዥያውያኑ የደነገጡትን ልጆች ያጫውቱ ነበር፤ ይህም እኛ በመቀሌና በአዲስ አበባ የምናውቀው የዶን ቦስኮ ወግ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ከጋዜጣ ዜና አይቆጠርም፤ ሊመሰገን ግን ይገባዋል። ጋዜጠኞች ከተማዋን ለቀው ሲሄዱ አባቶቹ እዚያው ቀሩ።