ቀለሙ ወደ መሬት ይውረድ

ሰፈሩን በሥዕል አስውቦ ወጣቶችን ወደ ኳስ ለመሳብ የሚነሣ አዲስ ሠዓሊ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማንን ፊት ልሣል?» ብሎ ነው። የታዋቂ ተጫዋች ፊት ግን ተመልካች ያበዛል እንጂ ተጫዋች አያፈራም። ኔፕልስን እንይ። የከተማዋ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1990 ለሁለተኛ ጊዜ የጣሊያን ሻምፒዮን ሲሆን ማሪዮ ፊላርዲ የተባለ ወጣት የክለቡን ኮከብ ማራዶናን በአንድ ሕንፃ ጎን ላይ አግዝፎ ሣለው። ማራዶና እ.ኤ.አ. በ2020 ካረፈ ወዲህ ሥፍራው ሻማ የሚበራበት፣ መለያ የሚሰቀልበት፣ የሩቅ አገር ሰው ሳይቀር የሚሳለመው ሆኗል። ለመታሰቢያነት ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሻማና አበባ በተደረደረበት ኳስ የሚለጋ ልጅ ተቆጪ አያጣም፤ ግድግዳው በከበረ ቁጥር ኳስ ጠላት ትሆንበታለች።

እኔ የምከራከረው ለመሬቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ባንኮክ ውስጥ፣ ክሎንግ ቶይ በተባለው የተጨናነቀ ሰፈር፣ በሕንፃዎች መሐል ተረስተው የቀሩ ክፍት ቦታዎች ሜዳ ሆኑ። አንዳቸውም ደንበኛ አራት ማዕዘን አልነበሩም፤ አንዱ እንደ ከዘራ ታጥፏል፣ ሌላው ተጠማዟል። መስመሩ ግን የቦታውን ቅርጽ ተከትሎ ተሰመረ፣ ጎሎቹም ቆሙ። ሠዓሊ ሊማር የሚገባው ይህን ነው፤ ቀለም ያለውን ቦታ እንዳለ ተቀብሎ ወደ ጨዋታ ይለውጣል።

የአዲስ አበባ ልጅ ሁለት ድንጋይ ካገኘ ይበቃዋል፣ ቀለም ምን ይጨምርለታል የሚሉ አሉ። ለሚጫወተው ልጅ እውነት ነው፤ እኛ የምንሣለው ግን ዳር ቆሞ ለሚያየው፣ «ይህ የነሱ ነው» ብላ ለምታልፈው ልጅም ጭምር ነው። ድንጋይ ባለቤት አለው፣ ሲመሽ ይነሣል። የተሰመረ ሜዳ ግን ለሰፈሩ ሁሉ ነው፤ መኪናውን ሊያቆም የመጣውንም ያሳስበዋል። ችግሩ የቦታ እጥረት ነው ለሚሉትም መልሱ ከዚሁ ከተማ ይነሣል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘ መርሐ ግብር አስፋልቱን ለጥቂት ሰዓታት ለእግረኛ ሲለቅ ልጆች ወዲያው ኳስ ይዘው ወጥተዋል፤ መኪናው ሲመለስ ግን ጨዋታው አሻራ አይተውም። መኪና በማይገባበት ቅያስና በትምህርት ቤት ግቢ መስመሩ ቢሰመር በማግስቱም ይጠብቃቸዋል።

ግድግዳ ካልቀረ ጎል ይሣልበት፦ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ የፉትሳሉ ልክ። ከኋላው ቀለም አይብዛ፣ ኳሷ ትጠፋለች። የመሬቱ ቀለም ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ይግባ፣ አለዚያ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ይለቃል የሚለው ስጋት እኔን አያስጨንቀኝም። ቀለሙ ቀድሞ የሚያልቀው ብዙ በተረገጠበት ነውና ጨዋታው የት እንደሚደምቅ ያሳየናል። ሲታደስ ብሩሹን የሚይዙት ተጫዋቾቹ ይሁኑ፤ መስመሩን ገፋ ማድረግ ቢፈልጉም ይግፉት።