ከበሮው ማንን ይሰበስባል?

በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ስለ ከበሮና ስለ ጭፈራ ጥያቄ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ መልኩ አንድ ነው፦ «ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» አንዱ ገላትያ 5፥21ን ይጠቅሳል፤ ሌላው ዳዊት በታቦቱ ፊት የዘለለበትን 2ኛ ሳሙኤል 6ን ያነሣል። ከዚያ ሁለቱም ወገን የመጣበትን አሳብ እንደ ያዘ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ላቅርብ፦ ከበሮው ሲመታ በዙሪያው ያለውን ሰው ምን ያደርገዋል? ተሳታፊ ያደርገዋል ወይስ ተመልካች?

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በገላትያ «ዘፋኝነት» የተባለው የግሪኩ «ኮሞስ» ነው። ቃሉ ሰክረው በሌሊት እየጮኹ በየመንገዱ የሚዞሩ ሰዎችን ፈንጠዝያ ያመለክታል እንጂ ዜማን ወይም እንቅስቃሴን ለብቻው አይኮንንም። ይኸው ትርጉም በዘጸአት 15፥20 ማርያም ከበሮ ይዛ ስትወጣ ሴቶቹ በ«ዘፈን» እንደ ተከተሏት ይነግረናል። በዘጸአት 32፥19 ደግሞ ሙሴ ከተራራው ሲወርድ ጥጃውንና «ዘፈኑን» አየ። በዕብራይስጡም በሁለቱ ስፍራዎች ያለው ቃል አንድ ነው፤ ሥሩም ከመዞር ጋር ይያያዛል። ሕዝቡ ያው ነው፤ ጭፈራውም ያው ነው። የተለየው በመካከል የቆመው ነው። በባሕሩ ዳር ሕዝቡ ያዳነውን አምላክ ከበበ፤ በሲና ሥር ግን በእጁ የሠራውን ከበበ።

ይህን መመዘኛ ይዘን በገዛ ከተማችን ጥቂት እንራመድ። አራት ኪሎ፣ ሥላሴ ካቴድራል፣ ጥር 7 ወይም ሐምሌ 7 ቀን። ከኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ጋር በትምህርት የምንለያይባቸው ነጥቦች አሉ፤ ከዝማሬያቸው አደራደር ግን ልንማር እንችላለን። መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ቀኙ ሲመራ ግራው ይቀበላል። ዜማው መጀመሪያ ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ጽናጽልና ከበሮ የሚገቡት ዜማው በሁሉም አፍ ከተያዘ በኋላ ነው። በመጨረሻ ጭብጨባው ይሞቃል፤ ሕዝቡም በእልልታ ይገባበታል። የአብነት መምህራን የከበሮውን ሰፊ አፍ በጌታ መለኮት፣ ጠባቡን በትስብእቱ፣ ጠፍሩንም በግርፋቱ ሰንበር ይመስሉታል። ከበሮው እዚያ ሰውን ለማሟሟቅ የመጣ ዕቃ አይደለም፤ ትምህርትም ተሸክሟል።

ወደ ሰሜን ብንወጣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ፣ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይን፣ የላስታ አሸንድዬን፣ የቆቦ ደግሞ ሶለልን ይጫወታሉ። በዓሉ ስሙን ያገኘው ልጃገረዶቹ በወገባቸው ከሚያስሩት ለምለም ሣር ነው። አንዷ ከበሮ ትመታለች፤ አንዷ ታወጣለች፤ የቀሩት እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ወደ መካከል የሚገቡት በየተራ ነው፤ ገብታ የጨፈረችው ተመልሳ አጨብጫቢ ትሆናለች። ትንሿ ልጅ ከታላላቆቿ ጎን ቆማ ታያለች፤ በሚቀጥለው ዓመት እርሷም ትገባለች። ማንም ትኬት አይቆርጥም፤ ባለቤቱም ከደጁ ለቆሙት ያለውን ይሰጣል።

አሁን ወደ ፒያሳ እንመለስ። ከሥላሴ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ቢወጡ ከሀገር ፍቅር ቴአትር ይደርሳሉ። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ደጅ ላይ በቆመበት ጊዜ ነው፤ ሥራውም በንግግርና በዜማ የሕዝቡን የአገር ፍቅር ማነሣሣት ነበር። ጥላሁን ገሠሠን ያህል ድምፃዊ ጀማሪ ሆኖ የቆመበት መድረክ ነው። ከዚህም በላይ ወደ አገሩ ዳርቻ ተጉዞ የማያውቅ የከተማ ሰው የሌላውን ሕዝብ ጭፈራ በዚያ መድረክ አይቷል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

ነገር ግን የከፈልነውም ዋጋ አለ። ክቡ ረድፍ ሆነ። እርስ በርስ ይተያዩ የነበሩ ጨፋሪዎች ፊታቸውን ወደ ወንበሩ አዞሩ። ግማሽ ቀን የሚወስደው ጨዋታ በደቂቃዎች ተቆረጠ። የሠርጉ እናት፣ የጎረቤቷ አክስት፣ እግሩ የማይታዘዘው ሽማግሌ ቀሩና በአንድ ልክ የተሰፋ ልብስ የለበሱ ወጣቶች ተተኩ። ሰው ድርሻው መቀበል ነበረ፤ አሁን ግን መጨረሻ ላይ ማጨብጨብ ብቻ ሆነ። ለቴአትር ቤት ይህ ተገቢ ነው፤ ቴአትር ተመልካች ይፈልጋልና።

ችግሩ ይህንኑ መድረክ ወደ አምልኳችን ስናመጣው ነው። በብዙ አዳራሾቻችን ኳየሩ በአንድ ቀለም ለብሶ፣ ሽብሸባው ተጠንቶ፣ ድምፅ ማጉያው እስከ ጥግ ተከፍቶ ይቆማል። ኪቦርዱ ውስጥ የተቀዳው ምት ጉባኤውን አይሰማም። ከበሮ መቺ እናቶች ሲደክሙ አይቶ ያለዝባል፤ እልልታው ሲነሣ ያፈጥናል። የተቀዳው ምት ግን አዳራሹ ባዶ ቢሆንም ያው ነው። ጉባኤው አዝማቹን ሳይቀበል ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እንግዲህ ይህ ዝማሬ ቃሉ ሁሉ ትክክል ቢሆንም ሕዝቡን ተመልካች አድርጎታል።

አንድ ሰው «ሁለት ሺህ ሰው በክብ አይቆምም፤ ሥርዓትስ?» ቢል ልክ ነው። ጳውሎስም ሁሉ በአግባብና በሥርዓት እንዲሆን ይጠይቃል (1ኛ ቆሮንቶስ 14፥40)። ክብ ስል ግን የወንበር አቀማመጥ ማለቴ አይደለም። ሕዝቡ የሚቀበለው ድርሻ መኖሩን ማለቴ ነው። ለምሳሌ አንድ መዝሙር ያለ መሣሪያ ተጀምሮ በሁሉም አፍ እስኪያዝ ቢጠበቅ፣ ከበሮውም ከዚያ በኋላ ቢገባ ምን ይከለክለናል?

የዳዊትንም ታሪክ እስከ መጨረሻው እናንብብ። ዳዊት ብቻውን አልዘለለም፤ የእስራኤል ቤት ሁሉ ከእርሱ ጋር ነበር። በመስኮት ሆና ያየችው ሜልኮል ናት። ጭፈራው ሲያበቃም ዳዊት ለሕዝቡ ሁሉ፣ ለወንዱም ለሴቱም፣ እንጀራ አካፈለ (2ኛ ሳሙኤል 6፥19)። ስለ ዳዊት ዝላይ ስንከራከር ይህችን ቁጥር ብዙ ጊዜ እንዘላታለን። እውነተኛ የአምልኮ ጭፈራ መካፈልን ይወልዳል፤ ካልወለደ ግን ድካም ብቻ ነው።

ይህ ነገር ዛሬ በእኛ ሰፈር ይበልጥ ይመለከተናል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ሄደ። በሠርግ ከበሮ ይመቱ የነበሩ እናቶችና ይቀበሏቸው የነበሩ ጎረቤቶች ዛሬ በአንድ ግቢ አይደሉም። ከእነዚህ ብዙዎቹ አሁንም በሁለት ታክሲ ወደ ቀድሞ አጥቢያቸው ይመጣሉ። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው የሚያገኙት ትዕይንት ብቻ ከሆነ ሰፈራቸውን ሁለተኛ አጡት ማለት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ልምምድ ላይ «ከበሮ እንጨምር ወይስ እንተው?» ከማለታችሁ በፊት በአዳራሹ መጨረሻ ረድፍ የተቀመጡትን እናት አስቧቸው። በመዝሙራችሁ ውስጥ እርሳቸው የሚሉት ምንድን ነው? አገልግሎቱ ሲያበቃስ ማን ሰላም ብሎ፣ ማን እስከ ታክሲው ይሸኛቸዋል?