ለጤነኛ ሴት የሚሰጥ መድኃኒት

ለታመመ ሰው መድኃኒት መስጠትና ገና ላልታመመ መስጠት በውጭ ሲያዩዋቸው አንድ ሥራ ቢመስሉም፥ በኅሊና ሚዛን ላይ ሲወጡ ክብደታቸው የተለያየ ነው፤ ሕሙም የመድኃኒቱን ጉዳት የሚታገሠው ከያዘው ደዌ ለመዳን ሲሆን፥ ጤነኛ ግን የሚታገሠው ምናልባት ከቶ ከማይደርስበት ደዌ ለመጠበቅ ነውና።

የጡት ነቀርሳን አስቀድመው ይከላከላሉ የሚባሉትን መድኃኒቶች ሳነጻጽር ይህን ሚዛን አልለቅም። ከሁሉ የቆየውና በአገራችንም ለሕሙማን ሲታዘዝ የኖረው ታሞክሲፌን፥ በጡት ውስጥ የኤስትሮጅን ሆርሞንን ሥራ ስለሚከለክል፥ ውጤቱ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1998 በተገለጸውና ከ13,000 የሚበልጡ ሴቶች በተካፈሉበት የአሜሪካ ጥናት ነቀርሳውን በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል፤ ነገር ግን በጡት የሚከለክለውን በማሕፀን ስለሚያነሣሣ፥ አልፎ አልፎ የማሕፀን ነቀርሳን ያመጣል፤ ከዚህም ሌላ ደምን ያረጋል። በዚያው አቆጣጠር በ2006 ውጤቱ በተገለጸ ጥናት ከእርሱ ጋር የተመዘነው ራሎክሲፌን ለማሕፀን የራራ፥ አጥንትንም የሚያጸና ሆኖ ሳለ፥ ዘመኑ በረዘመ ጊዜ የመከላከል ኃይሉ አንሶ ታይቷል። ኤክሰምስታንና አናስትሮዞል ሰውነት ኤስትሮጅንን እንዳይሠራ ስለሚያግዱ የታሞክሲፌንን ያህል ደም አያረጉም፤ ዳሩ ግን አጥንትን ያሳሳሉ፥ መገጣጠሚያንም ያሳምማሉ። ከታሞክሲፌን በቀር ሦስቱም ለዚህ ጉዳይ የሚሰጡት የወር አበባቸው ለተቋረጠ ሴቶች ብቻ ነው።

በማጀቴ ከተማ አንዲት እናት፥ «ልጄ፥ እኅቴ የምትውጠው ኪኒን እኔንስ አይጠብቀኝም?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ፥ የኪኒኑን ነገር ትቼ ስለ ገዛ ሰውነታቸው ጠየቅኋቸው፤ የወር አበባቸው ከቀረ ዓመታት እንዳለፉ፥ ከወሊድ በኋላም ደም ረግቶባቸው እግራቸው አብጦ ሐኪም ቤት ተኝተው እንደ ነበር ሲነግሩኝ፥ ሁለቱም ደም ስለሚያረጉ ታሞክሲፌንም ራሎክሲፌንም ለእርሳቸው እንደማይገቡ ተረዳሁ፤ ስለ ቀሩት ሁለቱ ሐኪም እንዲወስን፥ ከሁሉም አስቀድሞ ጡታቸው እንዲመረመር ላክኋቸው።

በይፋት ቆላ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት ድንገት ፊቷ ሲግል፥ ሌሊትም በላብ ስትጠመቅ «ሐሩሩ ነው» ብላ ዝም ስለምትል፥ ከመድኃኒቱ መሆኑን አስቀድሜ እነግራታለሁ፤ ይህስ ያስጨንቃል እንጂ አይገድልም፤ የአንድ እግር ማበጥ፥ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የወር አበባ ከቀረ በኋላ የሚታይ ደም ግን አንድ ቀን እንኳ የማይታደርባቸው ምልክቶች መሆናቸውን አጥብቄ አስረዳታለሁ።

እኒህ ሁሉ መድኃኒቶች የሚከላከሉት በሆርሞን የሚያድገውን ነቀርሳ እንጂ ሌላውን አይደለም፤ ጤነኞች ወስደዋቸው ዕድሜ እንደ ረዘመላቸውም እስካሁን አልተረጋገጠም። ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ «ለማን?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ይህን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያቀብል ሰው፥ ጤንነቷን አምና በእጁ ላኖረችው ሴት ባለዕዳ ይሆናል።