ከበሮው የት ሄደ?

የበዓል ሰሞን ትርኢት ዘንድሮም ያው ነው፤ በ20 ደቂቃ የጎንደሩ፣ የወሎው፣ የጉራጌውና የኦሮሞው ጭፈራ ተራ በተራ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ተወዛዋዦቹ ጎበዞች ናቸው፤ አንክድም። ግን የሚጨፍሩት በተቀዳ ሙዚቃ ነው! የተቀዳ ድምፅ ደግሞ ዓይን የለውም፤ ትከሻ ሲሞቅ አይቶ አይፈጥንም። በ1950ዎቹ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እኮ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና ከበሮውን መድረክ ላይ አሰልፎ ነበር።

ጎሮ ውስጥ በጥምቀት ታቦት ሲሸኙ የሚጨፍሩትን ወጣቶች እንይ፤ ከበሮ መቺው ዓይኑን ከጨፋሪው አይነቅልም፣ ተቀባዩም ጭፈራው ሳይሞቅ አይለቅም። መድረኩስ ምን አለበት? አራቱ ይቅርና አንዱን፣ ግን በከበሮ፣ እስኪሞቅ ያሳየን። ያኔ የምናጨበጭበው ለይሉኝታ አይሆንም።