ስለ አዲሶቹ የግጥም መድበሎችና ስለ ልዩ ልዩ ድምፆቻቸው

አንድ አዲስ የግጥም መጽሐፍ በእጃችን በገባ ጊዜ አብዛኞቻችን አስቀድመን የምናነበው ግጥሙን ሳይሆን የኋላውን ሽፋን ነው። ደራሲው የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ዛሬስ በማን አገር ይኖራል የሚለውን ካወቅን በኋላ ገጹን የምንገልጠው ፍርዳችንን ጨርሰን ነው። ይህ ልማድ በማናቸውም መጽሐፍ ላይ ጉዳት ማድረሱ አይቀርም፤ ይልቁንም ኢትዮጵያውያንና የኢትዮጵያ ተወላጆች በየአገሩ ሆነው በሚያሳትሟቸው የዛሬ መድበሎች ላይ ጉዳቱ የበዛ ሆኖ ስላገኘነው በዚህ ዐምድ ጥቂት ልንናገርበት ወደድን። የምናነሣቸው መጻሕፍት ሦስት ናቸው፤ ሁሉንም እናዳርስ ብንል ቦታው አይበቃንም።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2020 ካርካኔት የተባለው የማንቸስተር አሳታሚ ያወጣው የአማርኛ ግጥሞች መድበል ነው። የእንግሊዝኛ ርእሱ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ከዛፎች የምንማራቸው ዘፈኖች» እንደ ማለት ነው። ሰብስበው የተረጎሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው የልጅነቱን ጊዜ በኢትዮጵያ ያሳለፈው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ክሪስ ቤኬት ሲሆን፣ ሁለተኛው በስደት ለንደን የገባው ገጣሚና ጋዜጠኛ ዓለሙ ተበጀ ነው። መጽሐፉ ከሕዝብ ቃል ግጥምና ከመንፈሳዊው ግጥም ይጀምራል፤ ፉከራውንና ውዳሴውን ያሰማል፤ የ20ኛውን መቶ ዓመት ደራስያን ካሳየ በኋላም በአገር ውስጥና በውጭ አገር ከሚኖሩት የዛሬ ገጣሚዎች 30 ያህሉን ያቀርባል። አማርኛን የመሰለ ቋንቋ በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ መድበል ሳይኖረው እስከዚያ ዓመት ድረስ መቆየቱ የሚያስገርም ነው።

ፉከራው ከዛሬው ወጣት ግጥም ጋራ በአንድ ጥራዝ መቀመጡ ትልቅ ቁም ነገር ሆኖ አግኝተነዋል። በየጊዜው «የዛሬ ልጆች እኔ እኔ ማለትን ከአውሮፓ ተምረው መጡ» የሚል ወቀሳ እንሰማለን። ዳሩ ግን ፎካሪው በአደባባይ ቆሞ፣ የፈረሱን ስም እየጠራ፣ የገዛ ራሱን ሥራ ሲቆጥር ይህን «እኔ» ማን አስተማረው? ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ወጣቱ ከማን ቤት እንደ ወጣ ይታወቀዋል።

አሁን ወደ ትርጉሙ እንለፍ፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን። አማርኛ ለሚያነጋግረው ሰው «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «እናንተ» ይላል፤ «አንቱ»ም አለ። ዛሬ የሚነገረው እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ በአማርኛው ከመጀመሪያው ግሥ የሚታወቀው ነገር፣ ይኸውም ገጣሚው የሚናገረው ከሚወዳት ሴት ጋራ ነውን፣ ከአምላኩ ጋራ ነውን፣ ወይስ ከሹም ጋራ የሚለው፣ በእንግሊዝኛው ተሰውሮ ይቆያል። ደግሞም እንዲህ ያለውን ነገር አስቡት፤ እኛ እግዚአብሔርን «አንተ» ብለን ስንጠራ የመሥሪያ ቤት አለቃችንን «እርስዎ» እንላለን። አንድ ገጣሚ ሹሙን ድንገት «አንተ» ያለው እንደ ሆነ ጠቡም፣ ድፍረቱም፣ ምናልባትም የከዳው ወዳጅነት ሁሉ በዚያች በአንዲት ቃል ውስጥ አለ። ተርጓሚው ይህን ለማሳየት ቢፈልግ የግድ ሌላ ቃል መጨመር አለበት፤ ቃል ሲጨምርም ድፍረቱ ማብራሪያ ሆኖ ይቀራል።

የግሡም ነገር እንዲሁ ነው። «አልነገረችኝም» የምትለው አንዲት ቃል ወደ እንግሊዝኛ ስትገባ አምስት ቃል ትሆናለች። በወል ቤት፣ ማለት ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ በሚከፈለው ስንኝ፣ እንዲህ ያለችው ቃል ግማሹን ስንኝ ለመሙላት ምንም ያህል አይቀራት። ከዚህም በላይ አማርኛ ግሡን ወደ መጨረሻ ስለሚያኖረው ነገሩ ሁሉ ተንጠልጥሎ ይቆይና በስንኙ ጫፍ ላይ ይፈረዳል፤ መጣች ወይስ አልመጣችም፣ ሞተ ወይስ አልሞተም፣ የምናውቀው ቤት መምቻው ላይ ስንደርስ ነው። እንግሊዝኛ ግን ግሡን መሐል ላይ ጥሎት ያልፋል። በዚህ ምክንያት በአማርኛው ቤት ሲመታ የሚያስደነግጠን ግጥም በትርጉሙ ቀስ ብሎ የሚወርድ ወሬ ይሆናል። ስለ ሰምና ወርቅ ብዙ ተብሏልና አንደግመውም።

ይህን ሁሉ የምንለው ተርጓሚዎቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ በሁለቱ ቋንቋዎች ጠባይ ምክንያት የመጣ ችግር ነውና። የምንነቅፈው ሌላ ነገር አለ። ይህን ያህል ገጣሚዎች በሁለት ሰዎች ብዕር ሲያልፉ ጎረቤቶቹ ይመሳሰላሉ፤ ቁጡውም፣ አዛኙም፣ ቀልደኛውም አንድ ዓይነት ልዝብ እንግሊዝኛ መናገር ይጀምራሉ። ለእያንዳንዱም የደረሰው ገጽ ጥቂት ስለ ሆነ አንባቢው ድምፁን ሳይለምደው ሌላው ይመጣል። በዕውቀቱ ሥዩም በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ከየአገሩ አንዳንድ ባለቅኔ በተጠራበት ጉባኤ ኢትዮጵያን ወክሎ በቀረበበት ዓመት፣ ለብቻው የሆነች አነስተኛ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወጥታለታለች። በእርስዋ ውስጥ ሰውየው ሲስቅ መጀመሪያ፣ ስቆም ሲያዝን በኋላ እንሰማዋለን፤ በመድበል መካከል ይህ ቅደም ተከተል ይጠፋል። ስለዚህ መድበሉን ለሚያነብ ተማሪ የምንመክረው በአንድ ምሽት ከአንድ ገጣሚ እንዳያልፍ፣ ከተቻለውም አማርኛውን ፈልጎ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ነው። በአዲስ አበባ በራስ ሆቴል ግጥምን በጃዝ ሲሰሙ ያመሹ ወጣቶች ጆሮ ምን ያህል ዳኛ እንደ ሆነ ያውቃሉ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መጽሐፍ ግን በትርጉም የመጡ አይደሉም። የማሕተም ሽፈራው «ፉሺያ» እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣ፣ ለአፍሪካ ባለቅኔዎች የመጀመሪያ መጽሐፍ የሚሰጠውን የሲለርማንን ሽልማት ያገኘ ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር የወጣው የለምን ሲሳይ መጽሐፍ ደግሞ አሮጌና አዲስ ግጥሞቹ የተመረጡበት ሲሆን፣ ርእሱ «ወርቅ ከድንጋዩ» ቢባል ይስማማዋል። ሁለቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ መምህራን «ይህማ የባዕድ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ የኛን ልጆች ምን አገባቸው?» ይላሉ። መልሳችን አጭር ነው። የጎጃም የቅኔ ተማሪ ኮቸሮውን ይዞ፣ ደበሎውን ለብሶ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ሲቀኝ የሚቀኘው እናቱ በማጀት በማትናገረው በግዕዝ ነው፤ ስለዚህ ግን ቅኔው የኛ አይደለም ያለ አልተገኘም። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝኛ የታተመ ተውኔት አለው። ከአገር ርቆ መግጠምም ቢሆን ትናንት የተጀመረ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በኮሎኝ ተምሮ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ያረፈ ሰው ነው፤ «መንገድ ስጡኝ ሰፊው» የተባለው መድበሉ ለሕዝብ የደረሰው በ1998 ዓ.ም.፣ እርሱ ከሞተ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ያን ሰው ከመደርደሪያችን እናውጣው የሚል ካለ ወዲህ ይምጣ።

ይሁን እንጂ «የኛ ናቸው» ማለት «መልካም ናቸው» ማለት አይደለም። በውጭ አገር በሚጻፉ ግጥሞች ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ድካም አለ፤ ይኸውም ቡናው፣ ዕጣኑና ነጠላው ለእንግዳ አንባቢ እንደ ሱቅ ዕቃ ሲደረደር ነው። ማሕተም ከዚህ ወጥመድ በአብዛኛው ያመለጠችው በቀለም ይመስለናል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ያደገችው ይህች ባለቅኔ የልጅነቷን ነገሮች የምትመልሳቸው በየቀለማቸው ነው፤ ቀለሙ ሲጠራ ቤቱም፣ ሐዘኑም፣ ሰዉም ተከትሎ ይመጣል። አማርኛ የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ ከእንግሊዙ የበለጠ ይሰማል፤ በኛ ቋንቋ «ቀለም» ሲባል ዓይን የሚያየውም፣ ብዕር የሚጠቅሰውም፣ ትምህርቱም፣ የስንኝ መለኪያውም ነውና። ባለቅኔዋ ይህን አስባው እንደ ሆነ መጠየቅ አያስፈልገንም፤ ግጥሙ ይችለዋል። መጽሐፉ የሚደክመው ሐዘኑ ራሱን ማብራራት በሚጀምርባቸው ገጾች ላይ ነው።

ስለ ለምን ሲሳይ መናገር ይከብዳል፤ ሕይወቱ ግጥሙን ስለሚቀድመው። እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝ አገር በዊጋን ከኢትዮጵያዊት ተማሪ ተወለደ፤ በሌላ ስም በአሳዳጊዎች ቤት፣ ኋላም በሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ አደገ፤ እውነተኛ ስሙን ያወቀው ወደ ጉልምስና ሲቃረብ ወረቀቶቹ በተሰጡት ጊዜ ነው። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ባለቅኔ ሆነ፤ ከ2015 እስከ 2022 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር። ስሙ በአማርኛ ጥያቄ መሆኑን ለእንግሊዝ አንባቢ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ለኛ ግን ሽፋኑን ስናይ ጥያቄው ይጠብቀናል። እንግዲህ አደጋው ይህ ነው፤ መምህሩ ይህን ታሪክ ለክፍሉ ከነገረ በኋላ ሰዓቱ ያልቃል፤ ተማሪዎቹም ያዘኑለትን ሰው እንጂ ያነበቡትን ግጥም ይዘው አይወጡም። እኛ ግጥሞቹን ስንመዝናቸው ሁሉም እኩል ሆነው አላገኘናቸውም። ለአደባባይ የተሠሩት፣ አንዱን ሐረግ እየመላለሱ የሚወጡት፣ በእርሱ አንደበት ሲነገሩ እንደሚያስጨበጭቡ አያጠራጥርም፤ በወረቀት ላይ ግን አንዳንዶቹ ባዶ ይሆናሉ። አጫጭሮቹ ይበልጣሉ። በማንቸስተር ግድግዳዎች ላይ ግጥሞቹ መጻፋቸውም የሚያስደንቅ አይደለም፤ አላፊ አግዳሚ ቆሞ የሚያነበው አጭሩን ነው።

በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው መድበል እንመለስ። ርእሱ «የኢትዮጵያ የአማርኛ ግጥም» ብሎ ወሰኑን በእውነት አስታውቋል፤ አንባቢው ግን ከመካከሉ አንዱን ቃል ጥሎ «የኢትዮጵያ ግጥም» ሲለው እንሰማለን። የኦሮሞው ጌረርሳ፣ የትግርኛው ማሰና መልቀስ የት ገቡ? የአገራችን ድምፆች ልዩ ልዩ ናቸው ስንል አማርኛ የሚገጥሙ ሰዎችን በመኖሪያ ከተማቸው መለየት ብቻ ከሆነ ነገሩን አጥብበነዋል። ለትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚገዙ ሹማምንትም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንም፣ እነዚህ ግጥሞች ወደ አማርኛ ተመልሰው በአንድ ጥራዝ እንዲወጡ ቢያስቡ ሥራው ለብዙ ተርጓሚዎች ይበቃል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የሱማልኛው ይመስለናል። አማርኛ ቤት የሚመታው በስንኝ መጨረሻ ነው፤ ሱማልኛ ግን ከግጥሙ መነሻ እስከ መድረሻው አንድ ዓይነት የመነሻ ድምፅ በየስንኙ እንዲመላለስ ያዝዛል። ገጣሚው በ«በ» ከጀመረ እስኪጨርስ ድረስ በ«በ» የሚነሡ ቃላት ሲፈልግ ይውላል ማለት ነው። ይህን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቤት መምቻውን ይጠብቅ ወይስ መነሻውን? ሁለቱንም እጠብቃለሁ የሚል ካለ ሥራውን ለማየት እንጓጓለን።