ንቀት ወይስ ደመወዝ? የመምሉኮች ውድቀትና የጠመንጃው ትረካ

መምሉኮች በዑስማንያ ጦር የተሸነፉበት ታሪክ በትምህርት ክፍልም ሆነ በኹጥባ እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ እንሰማለን። ትረካው አጭር ነው፦ ግብጽንና ሻምን ይገዙ የነበሩት ፈረሰኞች ጠመንጃን ናቁ፤ ጠመንጃና መድፍ የያዘው ሱልጣን ሰሊም ደግሞ በ1516 እና በ1517 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መንግሥታቸውን አጠፋ። ከዚህም ተነሥቶ ለውድቀታቸው ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ግትርነት ነው የሚል ፍርድ ይሰጣል። ፍርዱ የአንድ ሥርወ መንግሥት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የዲን ጉዳይም ስለሚሆን፣ በምን ማስረጃ ላይ እንደቆመ ልንመረምረው ይገባል።

በዚህ ርእስ ብዙ የሚጠቀሰው ዴቪድ አያሎን በ1956 ስለ ባሩድና ስለ መምሉክ መንግሥት ያሳተመው መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉ ውለታ ትልቅ ነው። አያሎን የዐረብኛ ዜና መዋዕሎችን በትዕግሥት አበጥሮ፣ መምሉኮች በ14ኛው መቶ ዘመን መድፍን ለምሽግ ከበባና መከላከያ ይጠቀሙበት እንደነበር አሳይቷል። የችግሩንም ሥር በማኅበራዊ ሥርዓት ውስጥ ፈልጓል። የዘመኑ ጠመንጃ ሁለት እጅና የሚጨስ ፈትል ስለሚፈልግ በፈረስ ላይ ሆኖ ለመተኮስ አይመችም ነበር። ጠመንጃ መያዝ ከፈረስ መውረድ ነበር፤ ከፈረስ መውረድ ደግሞ ለመምሉክ ከማዕረግ መውረድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ከአያሎን ጋር እንስማማለን። የማንስማማው የመምሉኮችን ስሜት ለመግለጽ በኢብኑ ዙንቡል ላይ ከሚገባው በላይ በመደገፉ ነው። ኢብኑ ዙንቡል እንደሚተርከው፣ አንድ መግሪባዊ ጠመንጃ ይዞ ወደ ሱልጣን ቃንሱህ አልገውሪ ይቀርባል፤ ሱልጣኑም የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና ትቶ የክርስቲያኖችን ልማድ እንደማይከተል ይመልስለታል። ንግግሩ ልብ የሚነካ ስለሆነ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተሻግሯል። ነገር ግን ኢብኑ ዙንቡል የጻፈው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ በዑስማንያ ዘመን ሲሆን፣ አጻጻፉም ጀግኖች በየጦርነቱ መሐል ረጅም ንግግር የሚያደርጉበት የጀብድ ትረካ ነው። በሐዲስ ትምህርት ኢስናድና መትን የምንመረምር ሰዎች፣ እንዲህ ያለውን ሪዋያ ያለ ጥያቄ ልንቀበለው አይገባንም።

መትኑ ከሌላ ምስክር ጋር ይጋጫልና። በዚያው ዘመን ካይሮ ውስጥ ይኖር የነበረው ኢብኑ ኢያስ የሚያሳየን አልገውሪ፣ መድፍ የሚያስቀልጥና አደባባይ አውጥቶ የሚያስፈትን ሱልጣን ነው። ከተፈተኑት መድፎች የፈነዱም ነበሩ። በ1510 ደግሞ ከመምሉክ ልጆች፣ ከቱርክመኖችና ከሌሎች ወገኖች የተውጣጣ የባለ ጠመንጃዎች ጦር አቋቋመ። ደመወዙ ከመደበኛዎቹ አራት የክፍያ ቀናት ውጪ ይሰጠው ስለነበር «አምስተኛው ክፍል» ተባለ። መምሉኮችም ግምጃ ቤቱ ለእነዚህ ሰዎች ይራቆታል ብለው አጉረመረሙ። ከዚያ ቀደም በ1498 ሱልጣን አንናሲር ሙሐመድ የባለ ጠመንጃዎቹን አለቃ፣ ፈረጀላህ የተባለውን ጥቁር ባሪያ፣ የመምሉክ ልብስ አልብሶ ሰርካሲያዊት ገረድ በዳረለት ጊዜ መምሉኮች ታጥቀው ተነሡ፤ ፈረጀላህም ተገደለ። በሁለቱም ጊዜ ያጋደለው የጠመንጃው ሐላልነት ወይም ሐራምነት አልነበረም። ጠቡ ማን ይከፈለው፣ ማንስ ይከበር የሚል ነበር።

ኢብኑ ዙንቡልን ይበልጥ የሚያጠራጥረው የ1516 በጋ ነው። በነሐሴ ወር አልገውሪ መርጅ ዳቢቅ ላይ ሲሸነፍና ሲሞት፣ ፖርቱጋሎችን ለመመከት በቀይ ባሕር የተላከው የእርሱ ጦር ጥቂት ቀደም ብሎ የየመኗን ዘቢድን በጠመንጃ ኃይል ይዟል። መሣሪያው ነበረ፤ የነበረው ግን በሌላ ግንባር ነው። መርጅ ዳቢቅ ላይ የሐለቡ ገዥ ኻይር ቤይ ሱልጣኑን ከድቷል፤ ነባሮቹ መምሉኮችም ሱልጣኑ የራሱን ወጣቶች ከእሳት ይጠብቃል ብለው ልባቸው ሸፍቷል። በጥር 1517 ረይዳኒያ ላይ ቱማን ባይ ምሽግ ቆፍሮ መድፎቹን ደረደረ፤ ሰሊም ግን ጦሩን በጎን አዙሮ ሲመጣበት ከቦታቸው የማይነቃነቁት መድፎች ብዙም አልረዱትም። መድፍ መያዝና ጦርን በመድፍ ዙሪያ ማደራጀት አንድ አይደሉም።

ጉዳዩ ወደ አገራችንም ይደርሳል። ዘቢድ በኋላ የዑስማንያ ይዞታ ሆና፣ በ1542 ለኢማም አሕመድ ኢብኑ ኢብራሂም ባለ ጠመንጃዎችን ላከች። ኢማሙ በእነርሱ እርዳታ ወፍላ ላይ የክሪስቶቫኦ ዳ ጋማን ጦር አሸነፈ። ከድሉ በኋላ ግን አብዛኞቹን መልሶ ሰደደ፤ በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይም ወደቀ። ለዚህ ሽንፈት ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት። ያም ሆኖ ከውጭ የመጣ ኃይል ሊመለስ እንደሚችል፣ የራስ ሆኖ የተደራጀ ግን እንደሚሰነብት ያሳየናል።

መምህራንና ኢማሞች ይህን ታሪክ ማስተማር እንዲተዉ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ፍርዱ እንዲስተካከል ነው። የሱረቱል አንፋል 60ኛ አንቀጽ የሚቻለውን ኃይል ሁሉ ማዘጋጀትን ያዛል፤ በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው ሐዲስም ያንን ኃይል በመወርወር ችሎታ ያብራራዋል። መምሉኮችን ያሰናከላቸው ይህ ትእዛዝ አልነበረም። ያሰናከላቸው ለትእዛዙ የሚሆነውን መሣሪያ ለዝቅተኞች ሰጥተው፣ ደመወዙንና ክብሩን ለራሳቸው ማስቀረታቸው ነው። ደረሳው ከዚህ ታሪክ ሊወስድ የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፦ አዲስ ሥራ የሚሠራውን ሰው በመካከላችን የት እናስቀምጠዋለን?